የቤዝቦል ጨዋታን በእርሳስ መመዝገብ፦ ከባዶ ሰንጠረዥ እስከ ሒሳብ ማመሳከሪያ

አሰልጣኙ ወርዋሪውን በ6ኛው ኢኒንግ ማውጣቱ ልክ ነበር ወይስ አልነበረም? እንዲህ ያለው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ የሚካሄደው በትዝታ ነው። ትዝታ ደግሞ የመጨረሻውን ምት ያገዝፋል፤ በ2ኛው ኢኒንግ ወርዋሪውን አሥራ አንድ ኳስ ያስወረወረውን መቺ ግን ይረሳል። ጨዋታውን የመዘገበ ሰው ወረቀቱን ዘርግቶ ይከራከራል። ሌላም ጥቅም አለው፦ የሚጽፍ ሰው ከእያንዳንዱ ውርወራ በፊት ማን የትኛው ቤዝ ላይ እንዳለና ስንት አውት እንደሆነ ማወቅ ግድ ይሆንበታል። የጨዋታ ስልት የሚጀምረውም ከዚያው ነው።

ይህ መመሪያ አውት፣ ስትራይክና ዎክ ምን እንደሆኑ ለሚያውቅ አንባቢ የተጻፈ ነው። ሕጎቹ የሜጀር ሊግ ቤዝቦል ናቸው።

ወረቀቱ

ለአንድ ቡድን አንድ ኤ4 ወረቀት በአግድም ያዙ። ከግራ ጀምሮ 5 ሳንቲ ሜትር ለስም፣ 1.2 ለቦታ ቁጥር፣ ቀጥሎ እያንዳንዳቸው 1.7 ሳንቲ ሜትር የሆኑ 11 ዓምዶች፣ በመጨረሻ ለድምር አራት ጠባብ ዓምዶች (የመምታት ዕድል፣ ማለትም ዎክና መሥዋዕት የማይቆጠሩበት የመቺው ተራ፤ ራን፣ ማለትም ዞሮ ሆም መግባት፤ ሂት፣ ማለትም በራስ ምት ቤዝ መድረስ፤ ያስገባው ራን)። ዘጠኙ ረድፎችም ቁመታቸው 1.7 ይሁን፤ ሳጥኖቹ እኩል ካሬ ይሆናሉ። ዓምዶቹ ዘጠኝ ሳይሆኑ አሥራ አንድ የሆኑት ለተጨማሪ ኢኒንግና በአንድ ኢኒንግ ዘጠኙም መቺዎች ለዞሩበት ጊዜ ነው። የስሙን ክፍል በሦስት ቀጭን መስመር ክፈሉት፦ የመጀመሪያው ለቋሚው፣ ሁለቱ ለተቀያሪዎች። የወርዋሪዎች ሰንጠረዥ በጀርባው ይሂድ፤ ከፊት ለፊት ካጨናነቃችሁት ከ5ኛው ኢኒንግ በኋላ አታነቡትም።

እስክሪብቶ አትጠቀሙ። ዳኞች በቪዲዮ አይተው ውሳኔ ይገለብጣሉ፤ ይፋዊው መዝጋቢም ሂት ያለውን ከቆይታ በኋላ ስህተት ሊለው ይችላል። 0.5 ተገፊ እርሳስና ጥሩ ላጲስ ይበቃሉ።

ከስሙ አጠገብ መቺው በየትኛው እጅ እንደሚመታ ምልክት አድርጉ፦ «ግ» ግራ፣ «ቀ» ቀኝ፣ «ሁ» በሁለቱም። ሲጻፍ ትርፍ ይመስላል። በ7ኛው ኢኒንግ የቡልፔኑ (ተተኪ ወርዋሪዎች የሚሟሟቁበት ቦታ) በር ሲከፈት ግን መጀመሪያ የምትፈልጉት እሱን ነው።

የቦታ ቁጥሮች

1 ወርዋሪ፣ 2 ካቸር፣ 3 የ1ኛ ቤዝ ተከላካይ፣ 4 የ2ኛ ቤዝ፣ 5 የ3ኛ ቤዝ፣ 6 ሾርትስቶፕ፣ 7 ሌፍት ፊልድ፣ 8 ሴንተር ፊልድ፣ 9 ራይት ፊልድ። ግራና ቀኝ የሚባለው ከሆም ፕሌት ወደ ሜዳው ሲታይ ነው። እነዚህ ቁጥሮች ከማልያ ቁጥር ጋር ግንኙነት የላቸውም።

ጀማሪ የሚሳሳተው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛ፣ በሜዳው ቅደም ተከተል ሾርትስቶፕ በ2ኛና በ3ኛ ቤዝ መካከል ስለሚቆም 5 ይመስላል፤ 6 ነው። ሁለተኛ፣ ተጫዋቹ ከቦታው ፈቀቅ ብሎ ቢቆምም ቁጥሩ አብሮት ይሄዳል። ከ2023 ጀምሮ ወርዋሪው ኳሱን ሲለቅ በ2ኛ ቤዝ ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት የውስጥ ሜዳ ተከላካዮች መኖር ስላለባቸው ግራ መጋባቱ ቀንሷል፤ ቢሆንም የ2ኛ ቤዝ ተከላካይ ቤዙ አጠገብ ቆሞ ቢይዘውም 4 ነው። ተከላካይ ያልሆነው ተመዳቢ መቺ ቁጥር የለውም፤ «ዲኤች» ብላችሁ ጻፉ።

አንዱ ሳጥን

በሳጥኑ መሀል ትንሽ ዳይመንድ ሣሉ፦ የታችኛው ጫፍ ሆም፣ የቀኙ 1ኛ ቤዝ፣ የላዩ 2ኛ፣ የግራው 3ኛ። መቺው የደረሰበትን መንገድ ብቻ አድምቁ፤ ሆም ከገባ ውስጡን አጥቁሩት። አውት ከሆነ በቀኝ ታች የአውቱን ተራ ቁጥር ጽፋችሁ ክበቡት።

በግራ ላይ ጥግ ውርወራዎቹ ይገባሉ፣ በሁለት ረድፍ፦ ከላይ ቦል፣ ከታች ስትራይክ። ምልክት ሳይሆን ተራ ቁጥር ጻፉ። የመጀመሪያው ውርወራ ቦል ከሆነ 1 ከላይ፣ ሁለተኛው ስትራይክ ከሆነ 2 ከታች፣ እያላችሁ። ሁለት ስትራይክ ከሞላ በኋላ የሚመጣ ፋውል (ከሜዳው መስመር ውጭ የወጣ ምት) ከታች ቁጥሩን ይቀጥላል፣ ከሥሩ ሰረዝ ይደረግለታል። ወደ ሜዳ የተመታውን ወይም ጉዳዩን የዘጋውን የመጨረሻ ውርወራ ቁጥር ክበቡት። የተከበበው ቁጥር ለዚያ መቺ የተወረወረው ድምር ነው፤ ኢኒንጉ ሲያልቅ የተከበቡትን ደምራችሁ ከዓምዱ ሥር «18/34» ዓይነት ጻፉ፣ የኢኒንጉ እና እስካሁን ያለው።

ጊዜ የላችሁም። የውርወራ ሰዓቱ ቤዝ ባዶ ሲሆን 15 ሰከንድ ነው፤ ሯጭ ካለ ከ2024 ጀምሮ 18። ስለዚህ ውጤቱን አስቀድሙ፣ የቀረውን ኋላ ሙሉ። ወርዋሪው ሰዓቱን ካሳለፈ ለመቺው ቦል፣ መቺው ካልተዘጋጀ ስትራይክ ይቆጠራል፤ ኳስ ግን አልተወረወረም። ቁጥር ሳትሰጡ «ሰ» ብቻ ጻፉ፣ አለዚያ የወርዋሪው ድምር ይዛባል። ሆን ተብሎ የሚሰጥ ዎክም ከ2017 ጀምሮ በምልክት ብቻ ስለሚፈቀድ ውርወራ የለውም።

አውቶቹ

መሬት ለመሬት የተመታ ኳስ የያዙትን ሰዎች በቅደም ተከተል በሰረዝ ያያይዛል። ሾርትስቶፕ አንሥቶ ወደ 1ኛ ቤዝ ከወረወረ 6-3። የ1ኛ ቤዝ ተከላካይ ራሱ ይዞ ቤዙን ከረገጠ 3 ብቻ። ደብል ፕሌይ (በአንድ ምት ሁለት አውት) 6-4-3 ሲሆን በመቺው ሳጥን ሙሉው ይጻፋል፣ በሯጩ ሳጥን 6-4 ብቻ፤ ሁለቱም የየራሳቸው የአውት ቁጥር ያገኛሉ። በአየር ተመትቶ የተያዘ «ፍ8»፣ ቀጥ ብሎ የሄደ «ላ7»፣ በውስጥ ሜዳ ላይ የተንጠለጠለ «ፖ4»።

ስትራይክ አውት «ኬ» ነው። በላቲን ፊደል የሚመዘግቡ ሰዎች መቺው ሳይመታ ቆሞ የቀረበትን ፊደሉን ገልብጠው ይጽፉታል፤ «ኬ» ቢገለበጥ ስለማይለይ ክበቡት። ልዩነቱ ትርጉም አለው፦ የተከበበው ወርዋሪው ጠርዝ ላይ ማስቀመጡን ወይም መቺው መታለሉን ይናገራል። ዶን ላርሰን ኦክቶበር 8 ቀን 1956 በወርልድ ሲሪስ ማንንም ቤዝ ሳያስረግጥ ሲጨርስ የመጨረሻው አውት ዴል ሚቸል ቆሞ የተቆጠረበት ስትራይክ ነበር፤ እንዲያ ያለውን ባልተከበበ «ኬ» ማለፍ ያሳዝናል።

ሦስተኛው ስትራይክ ካቸሩ እጅ ካልገባስ? 1ኛ ቤዝ ባዶ ከሆነ፣ ወይም ሁለት አውት ከሞላ መቺው መሮጥ ይችላል። ካቸሩ ወርውሮ ካስወጣው «ኬ 2-3»። ከደረሰ ስትራይክ አውቱ ለወርዋሪው ይቆጠራል፣ መቺው ግን ቤዝ ላይ ነው፤ በ«ኬ» አጠገብ «ዋፒ» (የተዛነፈ ውርወራ) ወይም «ፓቦ» (ካቸሩ ያሳለፈው) ጻፉ። በአንድ ኢኒንግ አራት ስትራይክ አውት የሚኖረውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ያ ሲያጋጥም ወረቀታችሁ የተሳሳተ መስሏችሁ አትሰርዙ።

ቤዝ ላይ መድረስ፣ መሻገር

ሂት ሲሆን ከደረሰበት ቤዝ አጠገብ 1፣ 2 ወይም 3 ጭረት አድርጉ፤ ኳሱ የሄደበትን አቅጣጫ በቀጭን መስመር ከሆም አውጡ። ዎክ «ዎ»፣ ሆን ተብሎ ከተሰጠ ሥሩን አስምሩበት፤ በኳስ ተመትቶ ሲደርስ «ገላ»፤ በተከላካይ ስህተት «ኤ6»፤ ተከላካዩ ሌላውን ሯጭ ለማስወጣት ስለመረጠ መቺው ሲደርስ «ም»።

ብዙ ወረቀት የሚበላሸው ሯጭ ሲሻገር ነው። ደንቡ አንድ ነው፦ ሯጩን ያሻገረው ምን እንደሆነ ሳትጽፉ መስመር አታድምቁ። መቺ ካሻገረው የዚያን መቺ የተራ ቁጥር (ከ1 እስከ 9) በተሻገረው መንገድ ጎን ጻፉ። በራሱ ከሰረቀ «ስቲ»፣ ሲሰርቅ ከተያዘ መስመሩን በግማሽ አቁማችሁ «ተያ 2-6»። በተዛነፈ ውርወራ «ዋፒ»፣ በወርዋሪው የአወራወር ጥፋት «ቦክ»። የተራ ቁጥር ከቦታ ቁጥር ጋር እንዳይምታታ አንዱን በክብ ቅንፍ አድርጉት።

አንድ ግማሽ ኢኒንግ እንመዝግብ።

1ኛው መቺ በስድስተኛው ውርወራ ዎክ አገኘ፦ «ዎ»። 2ኛው ወደ ሾርትስቶፕ መታ፤ ሾርትስቶፑ ለ4 ሰጥቶ ሯጩ 2ኛ ቤዝ ላይ ወጣ፣ መቺው ግን 1ኛ ቤዝ ቀድሞ ደረሰ። በ1ኛው መቺ ሳጥን ወደ 2ኛ ቤዝ የሚወስደው መስመር በግማሽ ይቆማል፣ «6-4» ይጻፋል፣ አውት 1 ይከበባል። በ2ኛው ሳጥን «ም»፣ መስመሩ እስከ 1ኛ ቤዝ። 3ኛው ወደ ቀኝ ሲንግል (የአንድ ቤዝ ሂት) መታ፤ ሯጩ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ሮጠ፣ በሁለቱም መስመሮች ጎን (3) ይጻፋል። 4ኛው በአየር ወደ ሴንተር ፊልድ መታ፣ 8 ያዘው፣ ሯጩ ከ3ኛ ሆም ገባ፦ «መፍ8» (የመሥዋዕት ፍላይ)፣ አውት 2፤ የ2ኛው መቺ ዳይመንድ ይጠቁራል፣ በመጨረሻው መስመር ጎን (4)። ለ4ኛው መቺ አንድ ያስገባው ራን። 5ኛው ሦስተኛውን ስትራይክ ስቶ ኳሱ ከካቸሩ ሾለከ፤ 1ኛ ቤዝ ላይ ሰው ቢኖርም ሁለት አውት ስለሆነ መሮጥ ቻለ፣ ካቸሩ ወርውሮ አስወጣው፦ «ኬ 2-3»፣ አውት 3።

ከዓምዱ ሥር፦ 1 ራን፣ 1 ሂት፣ 0 ስህተት፣ 1 ቤዝ ላይ የቀረ። ከ5ኛው ሳጥን ታች ሰያፍ መስመር አስምሩ፤ ቀጣዩ ኢኒንግ በ6ኛው መቺ እንደሚጀምር በጨረፍታ ያሳያል።

ፍርድ የሚጠይቁት

ሂት ወይስ ስህተት? የይፋዊው መዝጋቢ መለኪያ የዚያ ደረጃ ተከላካይ በተለመደ ጥረት ሊያወጣው ይችል ነበር ወይ የሚለው ነው። ኳሱ ጓንት ነክቷልና ስህተት ነው የሚል ሕግ የለም፤ ተዘርግቶ በጣት ጫፍ የነካው ኳስ ሂት ነው። መጀመሪያ የራሳችሁን ፍርድ ጻፉ፣ ይፋዊው ሲለይ አርሙት። ደብል ፕሌይ ይሞላ ነበር ብሎ መገመት ግን አይፈቀድም፤ አንዱን አውት አስገኝቶ ሁለተኛው ቢዘገይ ስህተት አይጻፍም።

የመሥዋዕት ፍላይ የሚባለው ከሁለት አውት በታች ሆኖ ሯጭ ሆም ሲገባ ብቻ ነው። ሯጩን ከ2ኛ ወደ 3ኛ ያሻገረ ፍላይ ተራ አውት ነው፣ የመምታት ዕድል ሆኖ ይቆጠራል። ሯጭ ለማሻገር ተብሎ የተደረገ ባንት (ዱላውን ሳያወዛውዙ ኳሱን በቀስታ መንካት) ግን በየትኛውም ቤዝ ላይ ቢያሻግር «መባ1-3» ይሆናል።

በደብል ፕሌይ የመሬት ኳስ ራን ከገባ ለመቺው ያስገባው ራን ሆኖ አይቆጠርለትም።

ተቀያሪ ሲገባ በፊቱ ባለው ሳጥን ግራ ጠርዝ ወፍራም ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ፣ ስሙን ከሥር ጻፉ። አዲስ ወርዋሪ ሲመጣ ደግሞ በሚወረውርባቸው ቡድን ገጽ ላይ፣ መጀመሪያ ከሚገጥመው ሳጥን በላይ አግድም ወፍራም መስመር። ቴሌቪዥን የምታዩ ከሆነ ይህ አደገኛ ሰዓት ነው፤ ማስታወቂያው ሲያልቅ የተከላካይ ቅያሪ ተደርጎ ታገኙታላችሁ፣ ካሜራው አያሳይም። በየግማሽ ኢኒንጉ መጀመሪያ ዘጠኙን ሰዎች ቁጠሩ።

የወርዋሪው ሒሳብ

ኢኒንግ በሦስተኛ ይቆጠራል፦ አምስት ኢኒንግና አንድ አውት 5.1 ነው። ወርዋሪ ሲወጣ ቤዝ ላይ የተወው ሯጭ በኋላ ቢገባ ራኑ የሚጻፈው በእሱ ላይ ነው፤ ተረካቢው ላይ አይደለም። ስለዚህ ተረካቢው ሲገባ ስንት ሯጭ እንደተረከበና ስንቱ እንደገባ ለብቻ ያዙ፣ «2/1» ብላችሁ። ያለዚያ በየምሽቱ የሌላ ሰው ሯጭ የሚያስገባ ሬሊፍ (ተረካቢ ወርዋሪ) በቁጥር ንጹሕ መስሎ ይታያል።

በወርዋሪው ላይ የሚቆጠር ራን ለመለየት ኢኒንጉን ያለ ስህተትና ያለ «ፓቦ» በሐሳብ እንደገና አጫውቱት። ሁለት አውት ሆኖ 6 ሳተ፣ ቀጥሎ ሆም ራን መጣ እንበል፤ ኢኒንጉ ማለቅ ስለነበረበት ሁለቱም ራን፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣውም ሁሉ አይቆጠርበትም። መሀል ላይ የገባ ሬሊፍ ግን ይህ ምሕረት አይደርሰውም፤ ከመግባቱ በፊት የባከነው ዕድል ለእሱ አይታሰብለትም፣ ራሱ ቤዝ ላይ ያስገባቸው ይቆጠሩበታል። «ዋፒ» የወርዋሪው ጥፋት ስለሆነ አይቀነስም።

በመደበኛው የውድድር ዘመን ከ10ኛው ኢኒንግ ጀምሮ 2ኛ ቤዝ ላይ የሚቆመው ሯጭ ከመጀመሪያው መቺ በፊት በተራ ያለው ሰው ነው። በሳጥኑ እስከ 2ኛ ቤዝ የተቆራረጠ መስመር አድርጉ። ቢገባ በወርዋሪው ላይ አይቆጠርም።

ማመሳከሪያው

ጨዋታው ሲያልቅ ለእያንዳንዱ ቡድን ይህን አስሉ፦ የመምታት ዕድል፣ ዎክ፣ በኳስ መመታት፣ መሥዋዕቶች ሁሉና በካቸር መሰናክል የደረሱ ተደምረው፤ ከራን፣ ቤዝ ላይ ከቀሩትና ተጋጣሚው ካወጣቸው አውቶች ድምር ጋር እኩል መሆን አለባቸው። ከላይ በመዘገብነው ግማሽ ኢኒንግ 3 የመምታት ዕድል፣ 1 ዎክ፣ 1 መሥዋዕት፣ ድምሩ 5 ነው፤ በሌላ ወገን 1 ራን፣ 1 የቀረ፣ 3 አውት፣ 5።

ተጨማሪ ኢኒንግ ካለ ያ የቆመው ሯጭ ሳይመታ ቤዝ ላይ ስለገባ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ግማሽ ኢኒንግ በመጀመሪያው ወገን 1 ጨምሩ። ካልገጠመ መጀመሪያ «ም» ያለባቸውን ሳጥኖች ፈትሹ፤ ስህተቱ ብዙውን ጊዜ የወጣው ሯጭ ሳጥን አውት ሳይጻፍበት መቅረቱ ነው። ቀጥሎ ደብል ፕሌዮቹን። በየግማሽ ኢኒንጉ ብታመሳክሩ ደግሞ በመጨረሻ ፍለጋ የለባችሁም።

ወረቀቱን ማንበብ

ሦስተኛ ዙር፦ በአንድ መቺ ረድፍ ወርዋሪውን የገጠመበት ሦስተኛው ሳጥን ሲደርስ አሰልጣኞች ይጨነቃሉ፣ መቺው ውርወራዎቹን አይቷቸዋልና። የግራና ቀኝ ምልክቶቹን እዚህ ላይ ተጠቀሙ፤ ከ2020 ጀምሮ አዲስ ወርዋሪ ቢያንስ ሦስት መቺ መግጠም ወይም ግማሽ ኢኒንጉን መጨረስ ስላለበት፣ መመልከት ያለባችሁ ቀጣዩን ሳይሆን ቀጣዮቹን ሦስት ነው። «ግ ቀ ግ» ከሆነ ለአሰልጣኙ መልካም ምርጫ የለም።

ባንት፦ 1ኛ ቤዝ ላይ ሯጭ፣ አውት የለም ከሚለው ሁኔታ ቡድኖች በኢኒንጉ በአማካይ ወደ 0.9 ራን ያገኛሉ፤ 2ኛ ቤዝ ላይ ሯጭ፣ አንድ አውት ከሚለው ወደ 0.7። ስለዚህ ባንት ከአንድ ራን በላይ በማያስፈልግበት መጨረሻ ሰዓት ካልሆነ ኪሳራ ነው።

ስርቆት፦ ወርዋሪው ሯጭ ለመያዝ ወደ ቤዝ ሲወረውር ወይም ከመወርወሪያው ሲወርድ ከቤዙ ጎን ነጥብ አድርጉ። በአንድ መቺ ጊዜ ሁለት ብቻ ይፈቀድለታል፤ በሦስተኛው ሯጩን ካላስወጣ ቦክ ነው። ሁለት ነጥብ ካያችሁ ሯጩ እንደሚራራቅ ጠብቁ።

አሁን ኦክቶበር 27 ቀን 2020፣ የወርልድ ሲሪስ 6ኛ ጨዋታ። የታምፓ ቤይ ሬይስ ብሌክ ስኔል በሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ላይ 1 ለ 0 እየመራ፣ 73 ውርወራ፣ ዘጠኝ ኬ፣ ምንም ዎክ የለም። በ6ኛው ኢኒንግ አንድ አውት ሆኖ ኦስቲን ባርንስ ሲንግል ሲመታ አሰልጣኙ ኬቪን ካሽ ወጥቶ ኳሱን ተቀበለው። በወረቀቱ ላይ የሚመጡት ሦስት መቺዎች፣ ሙኪ ቤትስ፣ ኮሪ ሲገርና ጀስቲን ተርነር፣ በሁለት ዙር ስድስት ሳጥን አላቸው፤ ስድስቱም ኬ ናቸው። ሰባተኛው ሳጥን ግን ሦስተኛው ዙር ነው፤ ካሽ የሄደው በዚያ ነው። ተረካቢው ኒክ አንደርሰን ቤትስን ደብል (የሁለት ቤዝ ሂት) አስመታ፤ ባርንስ በ«ዋፒ» ገባ፤ ቤትስ በሲገር የመሬት ኳስ ገባ። ጨዋታው 3 ለ 1 አለቀ። የባርንስ ራን የተጻፈው በስኔል ላይ ነው፣ 5.1 ኢኒንግ፣ ሁለት ሂት፣ አንድ ራን፤ የቤትስ በአንደርሰን ላይ።

ስድስቱን ኬ ብቻ የሚያይ ካሽን ይወቅሳል፣ ሦስተኛውን ዙር ብቻ የሚያይ ይደግፈዋል። ጥያቄው መቀየር አለበት፦ ስኔል ይውጣ ወይ ሳይሆን በማን ይተካ። አንደርሰን ከዚያ በፊት በፕሌይኦፉ በገባባቸው ስድስት ተከታታይ ጨዋታዎች ራን ተጽፎበት ነበር። ይህ በዚያ ምሽት ወረቀት ላይ የለም፤ በቀደሙት ላይ ነው።

ስለዚህ አንድን ቡድን በተከታታይ የምትመዘግቡ ከሆነ ለቡልፔኑ አንድ የተለየ ገጽ ያዙ። በረድፍ ሬሊፎቹ፣ በዓምድ ቀኖቹ፤ በየሳጥኑ ሦስት ቁጥር፦ ስንት ውርወራ፣ ስንት ሯጭ ተረክቦ ስንቱ እንደገባ፣ በራሱ የተጻፈበት ራን። ባዶ ሳጥን ዕረፍት ነው። ሦስት ቀን ተከታትሎ የተሞላ ረድፍ ያለው ወርዋሪ በ8ኛው ኢኒንግ ሲሟሟቅ ካያችሁ፣ ክርክሩን ከመጀመሪያው ውርወራ በፊት መጀመር ትችላላችሁ።